ደም ይመለሳል ያልኩ ቀን

ከአውቶቡስ ያወረዱኝ ሱሉልታ ኬላ ላይ ነው። ንጉሡ ገና አልወረዱም፤ እኔም ገና የላቦራቶሪ ተማሪ ነበርኩ። ከነጠላዬ ሥር ሆዴ ላይ በመቀነት ያሰርኩት የወረቀት ጥቅል ነበር፤ ተማሪ ያባዛው፣ ስለ ጭሰኛና ስለ መሬት የሚያወራ። ሊፈትሽ የገባው ፖሊስ ነፍሰ ጡር መስዬው አዘነልኝና አንዱን ጎረምሳ አስነስቶ አስቀመጠኝ። ጉዴ የፈላው ስቀመጥ ነው። ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። የሚንኮሻኮሽ ጽንስ ደግሞ እሱም አይቶ አያውቅም።

ስወርድ አንዱ ፖሊስ በጥፊ አለኝ። አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካኝም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ግን አፍንጫዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ለመድማት ሰበብ የሚፈልግ ነውና ደሙ እስከ ጫማዬ ወረደ። ጣቢያው ቅርብ ስለነበር በእግር ወሰዱኝ። ገበያተኛው መንገድ ዳር ቆሞ ያየኛል። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ቀሚሴ ነበር። እናቴ ያሰፋችልኝ ነጭ ቀሚስ ነው፤ ደም በሙቅ ውኃ ካጠቡት አይለቅም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ማን ይሰጠኝ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት።

የሴቶች ክፍል ብለው ያስገቡኝ ቤት ድሮ የፖሊስ ፈረሶች ድርቆሽ የሚከመርበት ነበር። በሩ ሲከፈት ያ የደረቀ ሣር ሽታ ወጣ። የታሰሩ ብዙ ጓደኞች አሉኝ፤ ስለ እስር ቤት ሽታ ሲያወሩ እኔ ዝም እላለሁ፤ የእኔው ደስ የሚል ሽታ ነበረውና አፍራለሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ መስኮቷ ጠባብ ናት፣ ወለሉ ላይ ጆንያ ተነጥፏል። ጆንያው ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ከግድግዳው ስንጥቅ የቀረ ሣር እየመዘዙ ገመድ ይገምዳሉ።

የዚያው የሱሉልታ ሰው ነበሩ። የባለመሬቱ ሰዎች ሣር የሚያጭዱበትን ሜዳ ሊከልሉባቸው ችካል ተከሉ፤ እሳቸው ችካሉን አንድ በአንድ ነቅለው ገንፎ አገነፉበት። ለዳኛውም የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ ደረቅ እንጨት ነበር፣ ደህና ነደደ ብለው። አማርኛቸውና ኦሮምኛቸው ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው። እኔም እንደ አገሩ ሰው አዴ አልኳቸው፤ እናቴ እንደ ማለት ነው።

አዴ ቀሚሴን ሲያዩ ገመዱን ጣሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደምሽ አለቀ» አሉ። እሳቸው ራስሽን ወደ ኋላ ጣይ ይሉኛል፣ እኔ ወደ ፊት ደፍቼ አፍንጫዬን ቆንጥጬ ይዣለሁ፤ በዚህ ተጨቃጨቅን። ልጃቸው ያመጣላቸውን ወተት ከነቅሉ አፌ ላይ ደገኑት። ደሙ ቆሞም አልተጽናኑም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ የፈሰሰ ደምም አይመለስም፣ ይቺ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ እየደረቀች ልትሄድ ነው እያሉ ያዝኑልኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤ ሰው ስለ ደም ሲሳሳት ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«አዴ፣ ደም ይመለሳል» አልኳቸው።

«ማን ይመልሰዋል?»

«አጥንት።»

በዚሁ ማስተማር ጀመርኩ። ደም በዓይን ሲያዩት ቀይ ውኃ ይመስላል እንጂ ውስጡ በማጉያ መሣሪያ ብቻ የሚታዩ ቅንጣቶች አሉ፤ እንደ ምስር ክብ፣ መሃላቸው ጎድጎድ ያለ። ደሙን ቀይ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ሥራቸውም ከሳንባ አየር ተሸክሞ ለሰውነት ሁሉ ማደል ነው። የሚፈሉት አጥንት ውስጥ፣ መቅኒው ላይ ነው፤ በደረት አጥንት፣ በጎድን፣ በዳሌ፣ በአከርካሪ። ደም ሲጎድል ቀድሞ የሚያውቀው ኩላሊት ነው። የሚደርሰው አየር እንዳነሰ ሲሰማው ወደ መቅኒው መልእክት ይሰዳል፤ መቅኒውም ሥራውን ያጣድፋል።

አዴ ጎድናቸውን ዳበሱ። ቅልጥም ሲሰበር የሚገኘው ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያ እንኳ አብዛኛው ስብ ነው፣ ግን ዘመዱ ነው አልኳቸው። ከሁሉ ያስገረማቸው ኩላሊት ነው። ልብና ኩላሊት የሚመረምር አምላክ ሲባል ቤተ ክርስቲያን ሰምተዋል፤ ኩላሊት ራሱ መርማሪ መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም። ትምህርቱ በአንድ ቀን አላለቀም። በየማለዳው «አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ከጠየቁኝ በኋላ ካቆምንበት ያስጀምሩኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም።

የሚጠብቀን አሥር አለቃ ከወደ ሰሜን የመጣ፣ ረጅም፣ ሥራ ሲፈታ ዳዊት የሚደግም ሰው ነበር። ሚስቱ የደረሰች እርጉዝ ናት። ምሳውን በአገልግል ይዛለት ስትመጣ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ነው። ስትመለስ በመስኮታችን በኩል ታልፍና ለአዴ ቂጣ ታቀብላቸዋለች፤ እኔንም ቀሚስሽ ለቀቀልሽ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ባሏ ከእኛ ጋር ቃል አይለዋወጥም፤ ጆሮውን በሩ ላይ ማድረግ ግን ይወዳል።

እንግዲህ አስቡት። ደም መመለስ በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል፤ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ሲገድል ነው ደም መለሰ የሚባለው። ጠላት ያለው አባት ለልጁ ደመላሽ ብሎ ስም ያወጣል። አጥንትም ዘር ነው፣ ወገን ነው። በፖለቲካ የታሰረች ልጅ ደም ይመለሳል፣ አጥንት ይመልሰዋል፣ ቀዮቹ ተደብቀው ይፈላሉ፣ መልእክት ይደርሳቸዋል ስትል የሰማ ዘበኛ ምን ያድርግ? ሄዶ ለጣቢያው አዛዥ ለመቶ አለቃው ተናገረ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እናገር ነበር።

መቶ አለቃው ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። አሥር አለቃው በሩ አጠገብ ቆሟል።

«የማን ደም ነው የሚመለሰው?» አለኝ መቶ አለቃው።

«የእኔ፣ ጌታዬ። ኬላው ላይ የፈሰሰው።»

«ማነው የሚመልስልሽ?»

«አጥንቴ።»

«የት ነው ያሉት?»

«እዚሁ ናቸው። ከእኔው ጋር ነው የታሰሩት።»

ወደ አሥር አለቃው ዞሮ ከእኔ ጋር ማን ማን እንደተያዘ ጠየቀው። የምንነጋገረው ለየቅል መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሳቄን ዋጥኩት። ከዚያ ነገሩን በሚያውቀው መንገድ ላስረዳው ብዬ በወታደር ቋንቋ ጀመርኩ። ኩላሊት እንደ ጠረፍ ጠባቂ ነው፣ ሰው ጎደለ ብሎ ይልካል፤ መቅኒው ምልምሎቹን ያሠለጥናል፤ ቀዮቹ ሠልጥነው ሲያበቁ እንደ ጭንቅላት ያለችውን አስኳላቸውን እዚያው ጥለው ወደ ደም ሥር ይሰማራሉ፣ ጭንቅላት ከሌለ የመሸከሚያ ቦታ ይሰፋልና አልኩት። ይህችን የመጨረሻዋን ባልጨምራት ይሻል ነበር። ሰውየው ጭንቅላት ስለሌለው ወታደር ሲሰማ ኮፍያውን አንሥቶ አደረገ።

«ስለ ማን ነው የምታወሪው?»

«ስለ ደም ነው፣ ጌታዬ።»

በመጨረሻ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ ስለ ደም ማውራት ክልክል ነው ብሎ አሰናበተኝ። አዴ ይህን ሲሰሙ አልተከራከሩም። ከዚያ በኋላ ደምን «ያ ነገር» እያልን ትምህርቱን ቀጠልን።

ሁዳዴ ሲጋመስ ይመስለኛል፣ አንድ ማለዳ አሥር አለቃው በሩን ከፍቶ ገባ። ኮፍያ አላደረገም። ከዚያ በፊት ገብቶ አያውቅም፤ ገብቶም የሚቆምበት የጠፋው ይመስል ነበር። ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ አምጣ በሣር መኪና አዲስ አበባ ሆስፒታል ወስደዋታል። ወንድ ልጅ ተገላግላለች፣ ልጁ ደህና ነው፣ የእሷ ደም ግን አልቆም ብሏል። ሐኪሙ ደም አምጡ፣ ሁለት ጠርሙስ ካልተገኘ አትተርፍም ብሏል። ዘመዶቿ ይህን ሲሰሙ ተበተኑ። አንደኛው ፈረሴን ላስር ብሎ እንደወጣ ቀረ። በዚያ ዘመን ሰው ገንዘቡን ይሰጥሃል፣ በሬውን ይሰጥሃል፣ ደሙን ግን አይሰጥም፤ የወጣ ደም ወጣ ነው።

ይህን ሁሉ ለአዴ ነው የነገራቸው። ወደ እኔ የዞረው በመጨረሻ ነው።

«ያ ነገር… እውነት ይመለሳል?»

ይመለሳል አልኩት። ውኃው በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀዮቹ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ቆይተው። የፈራው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ደሜን ሰጥቼ ብሞት፣ እሷም ባትተርፍ፣ ልጁ ማን አለው አለኝ። ማይልኝ አለኝ። መሐላ አልወድም። ደግሞ የእስረኛ መሐላ ምን ሊረባው?

«ከምምል እኔም አብሬ ልስጥ» አልኩት። «የእኔ ሲመለስ ያዩታል።»

አዴ ገመዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሱሉልታ ስንት ዘመን ተቀመጥክ? ሣሩ ታጭዶ ቀርቶ ያውቃል?» አሉት። እሱ በመስኮቷ ወደ ሜዳው አየ። «ሥሩ ደህና ይሁን እንጂ ይመጣል» አሉ አዴ። አሥር አለቃው በሩን ሳይዘጋ ወደ መቶ አለቃው ሮጠ። እኛም ክፍቱን በር እያየን ጠበቅነው።

መቶ አለቃው ምን ብሎ እንደፈቀደ ዛሬም አላውቅም። ትእዛዙ ግን ካቴናው እንዳይፈታ የሚል ነበር። በጣቢያው ላንድሮቨር እንጦጦን ስንወጣ ዞሬ አየሁ፤ ሜዳው ሁሉ የሣር ክምር ነው። አሥር አለቃው አጠገቤ ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊቱን በቃሉ እየደገመ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለታችንንም መረመሩን። የእኔ ደም ከእሷ ጋር ገጠመ፣ የእሱ አልገጠመም። ነርሷ ታዲያ ለዋጠችለት፤ አንተ ስጥ፣ የአንተ ማቀዝቀዣ ይገባል፣ ለሚስትህ የሚሆን ሌላ ጠርሙስ ከማቀዝቀዣው ይወጣል አለችው።

«የእኔ ለማን ሊሆን ነው?» አላት።

«ለደረሰው።»

ለሚስቱ ሊሞት ቆርጦ የመጣ ሰው ለማያውቀው ሰው ደም ስጥ ሲባል ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ፊቱ ላይ አነበብኩት። ከዚያ እጅጌውን ጠቀለለ። እስከ ዛሬ ካየኋቸው ደፋር ሰዎች አንዱ እሱ ነው እላለሁ፤ አፌን ሞልቼ።

ነርሷ በካቴና የታሰረ እጅ አልወጋም አለች። አሥር አለቃው ትእዛዙን ነገራት። እሷም መርፌውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች። እሱም ቁልፉን አወጣ። ጎን ለጎን ተኛን። ደሙ በቱቦው ሲወርድ ሞቅ ያለ መሆኑ በክንዴ ይሰማኝ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እኔ ጠርሙሱን አያለሁ፤ በሕይወቴ የስንቱን ደም መርምሬ የራሴን በጠርሙስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ። ከተያዝኩ ወዲህ ለሰው የሚጠቅም ነገር ከእኔ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ሲጨርስ ነርሷ ቀስ ብለህ ተነሣ ብትለው እንደ ወታደር ብድግ አለ፤ ወዲያው ተዝለፍልፎ ወደቀ። ነርሷ እግሩን ወደ ላይ ደገፈችለትና ጠርሙሶቹን ይዛ ሮጠች። ቁልፉ ቀበቶው ላይ ነው፣ ካቴናው አልጋው ላይ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፤ ሾፌሩ ግቢው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ይጫወታል። ትምህርት ቤቴ በእግር የሚደረስ ነበር። አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው፤ በደንብ አሰብኩት። ብሄድ ግን ይህ ሰው ከሰዓት በኋላ በእኔ ቦታ ሊታሰር ነው፣ ሚስቱ እዚህ ተኝታ። ደግሞ የእኔ ሲመለስ ያዩታል ብዬዋለሁ። ከሄድኩ ምን ያያል? ለእኔ የተሰጠኝን ጣፋጭ ሻይ አንሥቼ ጭንቅላቱን ደግፌ አጠጣሁት። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው ካቴናውን፣ ቀጥሎ እኔን ነው። ሻዩን ጨረሰው።

ሚስቱን ያያት ዘንድ ፈቀዱለት፤ እኔም ከበሩ ቆሜ አየሁ። ስንደርስ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። የእኔ ጠርሙስ አልቆ ሌላው ሲሰቀል ዓይኗን ገልጣ ልጁ የት አለ አለች። ነርሷ ልጁን አምጥታ ክንዷ ላይ አስተኛችላት። አሥር አለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

ስንመለስ ካቴናውን ኪሱ ከተተው። መንገዱን ሙሉ አወራ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ሚስቱ አመል። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለው ሰው እሱ አልመስል አለኝ። የጣቢያው በር ሲታይ መቶ አለቃው ደጅ ቆሞ ነበር። ሁለት እጆቼን ዘረጋሁለት።

«ያስገቡልኝ፣ አሥር አለቃ። አለቃዎ እያዩ ነው።»

ካቴናውን አላልቶ አስገባልኝ። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለ። እህቴ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ከመኪናው ቀና ብዬ ወረድኩ፤ የዚያን ቀን እጄ የታሰረው በእኔው ፈቃድ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ማዳመጡን ትቶ ገብቶ መጠየቅ ጀመረ። ጉበት ደም እንደሚሠራ ነግሬዋለሁ፣ ግን ጾም ነው፤ ምስርና ጎመን ይበቃል ብዬ ብነግረውም ቀይ ሥር ብቻ ይበላል። ቀለሙ አይደለም ደም የሚሠራው እላለሁ፤ ቀይ ከቀይ ካልመጣ ከምን ይመጣል ይለኛል። አዴም ከእሱ ጋር ወገኑ። ሁለቱ ተማሪዎቼ በአንድ ቀን ጣሉኝ።

በፋሲካ ማግስት የጉበት ጥብስ በድስት ይዞ መጣ፤ ከአዴ ጋር ሦስታችን በላን። ክንዱን አሳየኝ፣ ደረቱንም መታ፤ ተመልሷል አለኝ። ዳገት ወጥቼ ሞክሬዋለሁ አለ። የእኔንስ ብሎ የዓይኔን ሽፋን እንደ ሐኪም ገልብጦ አየና ረካ። ከዚያ ስለ ልጁ ነገረን። ስም ወጥቶለታል።

«ደመላሽ አልኩት።»

አዴ እጃቸው ድስቱ ላይ ቀረ። «የማንን ደም ነው የሚመልሰው?» አሉት በድንጋጤ።

«የእናቱን» አለ።

አዴ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባቸው። ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ብዙም ሳይቆይ ተፈቱ፤ ባለመሬቱ ችካሉን መልሶ ተከለ፣ እሳቸውም መልሰው ነቀሉት ሲባል ሰማሁ። እኔ ክረምቱ ሲገባ ተፈታሁ። ወደ ኬላው ስሄድ ሜዳው ለምልሞ ጉልበት ደርሷል።

ዕድሜዬን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በፋሲካ ማግስት አንድ ጎልማሳ ስልክ ይደውልልኛል፤ እናቱም ከኋላው ሆና ድምፅዋን ታሰማለች። መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የማንን ደም ልትመልስ ነው እያለ እንደሚያስቸግረው ያጫውተኛል። የአብዮቱ ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ካድሬዎቹ እንዲያውም ስሙን ወደውለት ነበር፤ እሱም አላስረዳቸውም።

ቀዮቹ የሚኖሩት አራት ወር ያህል ነው። ያረጁት እየፈረሱ መቅኒው አዲስ ያመጣል። ስለዚህ እዚያ ጭቃ ቤት ከእኔ ጋር ከታሰረው ደም ዛሬ አንዲት ጠብታ የለችኝም፤ ለእናቱ ከሰጠሁትም በእሷ ውስጥ የቀረ የለም። ያ ሁሉ ስንት ጊዜ ሄዶ ስንት ጊዜ ተመልሷል። ስልኩ ሲጮኽ ግን አንሥቼ ማን ልበል እላለሁ፤ ማን እንደሆነ እያወቅሁ፤ ስሙን ከራሱ አፍ መስማት ስለምወድ ነው።